ቦሌቱስ፦ ማዕረግ የነበረው እንጉዳይ

ጢባርዮስ ቄሣር ለአንድ ድርሰት 200,000 ሴስቴርስ ሸልሟል። ደራሲው አሴሊዩስ ሳቢኑስ ይባላል፤ ድርሰቱም የሮም ገበታ የሚኮራባቸው አራት ምግቦች ማን ይበልጣል እያሉ የሚከራከሩበት ነበር። ተከራካሪዎቹ ቦሌቱስ የተባለው እንጉዳይ፣ በለስ እየለቀመች የምትወፍር ትንሽ ወፍ፣ ኦይስተር እና ሌላ በወጥመድ የሚያዝ ወፍ ናቸው። ወሬውን ያቆየልን የቄሣሮችን ሕይወት የጻፈው ስዌቶኒዩስ ነው፤ ያነሣውም ንጉሠ ነገሥቱ ለሆዱና ለመጠጡ ያደረ መሆኑን ለማሳጣት ነው። የገንዘቡን ክብደት ለመገመት ያህል፣ በዚያ ዘመን አንድ ሮማዊ ከፈረሰኞች መደብ ለመቆጠር 400,000 ሴስቴርስ የሚያወጣ ሀብት ሊኖረው ይገባ ነበር። እንጉዳይ አፍ አውጥቶ እንዲከራከር ያደረገ ሰው የአንድ ማዕረግ ግማሽ ዋጋ በእጁ ገባ ማለት ነው።

ድርሰቱ ጠፍቶ ቀርቷል። እንጉዳዩ በክርክሩ ምን እንዳለ ማወቅ አንችልም፤ በመጀመሪያ ተርታ መሰለፉ ግን ራሱ ብዙ ይናገራል። የላቲን መዝገበ ቃላት «ቦሌቱስ» የሚለውን ቃል ምርጥ የሚበላ እንጉዳይ ብለው ፈትተው ያልፋሉ። ፍቺው አያሳስትም፤ ሆኖም ማን እንደመረጠውና ለማን እንደተመረጠ ሳይነግረን ይቀራል። የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያ ቃሉ በአንደኛው መቶ ዘመን የሮም ጽሑፎች ውስጥ የያዘውን ትርጉም በዋናነት ያገኘው ከጫካ ሳይሆን ከመብል አዳራሽ ነው የሚል ነው። ይህን የዘነጋ አንባቢ የአንድ ንጉሠ ነገሥት አሟሟት የተተረከበትን መንገድ እንኳ አጣምሞ ያነባል።

በመጀመሪያ ስለ ራሱ ስለ እንጉዳዩ። ቬሱቪዩስ ተራራ በ79 እ.ኤ.አ. ሲፈነዳ የሞተው ትልቁ ፕሊኒዩስ በ«የተፈጥሮ ታሪክ» 22ኛ መጽሐፉ ስለ ቦሌቱስ የሰጠው መግለጫ ዛሬም ሊታመን የሚችል ነው። እንደ እርሱ አባባል ምድር መጀመሪያ የምታወጣው ከረጢት ነው፤ እንጉዳዩ በዚያ ውስጥ በእንቁላል እንዳለ አስኳል ተሸፍኖ ይቆያል፤ ሲያድግ ሽፋኑን ቀድዶ ይወጣል። ይህን አነጋገር ከቀለሙና ከቅርጹ ጋር ያዛመዱ ተመራማሪዎች የሮማውያኑ ቦሌቱስ ዛሬ በሳይንስ ስሙ አማኒታ ቄሣሪያ የሚባለው እንጉዳይ እንደሆነ ይስማማሉ። ቆቡ ደማቅ ብርቱካናማ ነው፤ ስፋቱ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ከቆቡ ሥር ያሉት ሽንሽኖችና እግሩ ቢጫ ናቸው፤ ታች መሬቱ ላይ ነጩ ከረጢት ተቀዳዶ ይቀራል። ፕሊኒዩስ እንጉዳይ የሚበቅለው ከጭቃና ከእርጥብ መሬት ኮምጣጣ ጭማቂ፣ ብዙ ጊዜም ኦክን ከመሰሉ ዛፎች ሥር ነው ይላል። ዛሬ የምናውቀው የእንጉዳዩ ክሮች የኦክን ሥር ተጠምጥመው ውኃና ማዕድን እያቀበሉ ስኳር እንደሚቀበሉ ነው። ሰውዬው ምክንያቱን ስቷል፤ አድራሻውን ግን አልሳተም።

ከዚሁ መግለጫ ውስጥ ቶሎ የማይታለፍ ነገር አለ። ፕሊኒዩስ ገና ያልፈነዳው ለጋ ቦሌቱስ ሽፋኑም ሳይቀር ለመብል የሚወደድ መሆኑን ይነግረናል። ጣሊያን በ1993 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ቁጥር 352 ሕግ ደግሞ አማኒታ ቄሣሪያን በዝግ እንቁላልነቱ ሳለ መልቀም ይከለክላል። አንዱ ሥጋት ግልጽ ነው፤ በዚያ ዕድሜው ገዳይ ከሆነው ዘመዱ ከአማኒታ ፋሎይደስ ጋር በውጭ መልኩ ሊምታታ ይችላል፤ ለሁለት ሰንጥቆ የውስጡን ቀለም ካላዩ በስተቀር መለየቱ አስቸጋሪ ነው። ሮማውያንም ዘመዶቹን ጨርሰው አላጧቸውም። ፕሊኒዩስ ከመርዘኞቹ አንዳንዶቹ አናታቸው ላይ ከገዛ ሽፋናቸው የቀሩ ነጫጭ ጠብታ መሰል ነጥቦች እንዳሏቸው ጽፏል፤ ይህም የዚያው ወገን እንጉዳዮች ምልክት ነው። የሀብታሙ ምግብና የገዳዩ መልክ አንድ ቤተሰብ መሆናቸው በታወቀበት ሁኔታ ነው ቃሉ የክብር ቃል የሆነው።

የቃሉ ምንጭ ግሪክኛው «ቦሊቴስ» ሳይሆን አይቀርም። የጴርጋሞኑ ሐኪም ጋሌኖስ በሁለተኛው መቶ ዘመን ከእንጉዳዮች ሁሉ ጉዳታቸው ያነሰው በደንብ የተቀቀሉት ቦሊቴስ ናቸው፣ ከእነርሱ ቀጥሎ ደግሞ «አማኒቴስ» የሚባሉት ይመጣሉ ብሎ ነበር። ይህችን ሁለተኛ ቃል አንባቢ ይያዝልኝ፤ ኋላ ትመጣለች።

ላቲን ግን ከቦሌቱስ ሌላ ሁለት የቅርብ ቃላት ነበሩት፤ የአንዱ ትርጉም ያለ ሌሎቹ አይቆምም። የመጀመሪያው «ፉንጉስ» ነው፤ እንጉዳይ በጠቅላላው። ብዙ የቋንቋ ሊቃውንት ይህን ቃል ከግሪክኛው «ስፖንጎስ» ጋር ያዛምዱታል፤ የእኛው «ሰፍነግ» በግእዝ በኩል የመጣውም ከዚያው ከግሪክኛው ነው። ስለዚህ ፉንጉስና በወንጌል በሆምጣጤ ተነክሮ የምናውቀው ሰፍነግ በሩቅ የሚዛመዱ ይመስላል። ፉንጉስ ዝቅ ያለ ቃል ነው። ፕላውቱስ በአንድ ኮሜዲው ውስጥ ገጸ ባሕርዩ የሞኞችንና የደንቆሮዎችን ስም ሲደረድር ፉንጉስን ከስድቦቹ መካከል አስገብቶታል። ሁለተኛው ቃል «ሱዊሉስ» ነው፤ የዓሣማ ማለት ነው።

ማርቲያሊስ፣ በኤፒግራሞቹ የሮምን የግብዣ አዳራሽ ከማንም በላይ ያሳየን ገጣሚ፣ እነዚህን ቃላት በማጋጨት ይጫወታል። ፖንቲኩስ የተባለ ጋባዥ ከእርሱ ጋር በአንድ ማዕድ ተቀምጦ የተለየ ምግብ ስለሚያስቀርብበት ያማርራል። ጋባዡ በሉክሪኖ ሐይቅ የወፈረ ኦይስተር ሲበላ ተጋባዡ ቅርፊት አፉን እየቆረጠው ተራ ሙሰል ይመጥጣል፤ ጋባዡ ፊት ቦሌቱስ አለ፣ ተጋባዡ ፊት የዓሣማ እንጉዳይ። ግጥሙ ስለ ጣዕም አንድ ቃል አይናገርም። ቅሬታው አንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ገበታ መኖሩ ነው፤ ሁለቱ የእንጉዳይ ስሞችም ያንን ክፍፍል ተሸክመው ይመጣሉ። ዩቬናሊስ በአምስተኛው ሥላቁ ነገሩን ያከርረዋል። ጌታው ቪሮ ለዝቅተኛ ወዳጆቹ ምንነታቸው የሚያጠራጥር ፉንጉሶች ያስቀርባል፤ ለራሱ ቦሌቱስ። ይህ የገጣሚዎች ማጋነን ብቻ እንዳልነበር ታናሹ ፕሊኒዩስ በደብዳቤው ይመሰክራል፤ ለራሱና ለጥቂቶች ጥሩውን፣ ለሌሎቹ ርካሹን፣ ወይኑንም በሦስት ደረጃ ከፍሎ የሚያቀርብ አንድ ጋባዥ ገጥሞት ተጸይፎ ጽፏል።

የቤተ መንግሥት ግብር ሥርዓት ለሚያውቅ አማርኛ አንባቢ ይህ ብዙ ማብራሪያ የሚሻ አይደለም። ከአንድ በሬ የሚወጣው ብልት በየማዕረጉ ተለይቶ በሚታደልበት አዳራሽ የብልቱ ስም የሰው ስም ያህል ይናገራል። ቦሌቱስም እንደዚያ ነበር። የሚገርመው ቃሉ ከእንጉዳዩ አልፎ ለዕቃውም መትረፉ ነው። «ቦሌታሪያ» የሚባል ለዚህ እንጉዳይ ተብሎ የተሠራ ዕቃ ነበር፤ ማርቲያሊስ ባንድ ባለ ሁለት መስመር ግጥሙ ዕቃውን ራሱን ያናግረዋል፣ ስሙን ከቦሌቱስ አግኝቶ ሳለ ለጎመን ቡቃያ መዋሉ እንዳሳፈረው። ማዕረግ ያለው ስም ይዞ ዝቅ ያለ ሥራ መሥራት የሰው ውርደት ነው፤ ቀልዱ የሚሠራውም ስለዚህ ነው። ትልቁ ፕሊኒዩስ ደግሞ ቅንጡዎቹ በገዛ እጃቸው የሚያዘጋጁት ብቸኛ ምግብ ይህ መሆኑን፣ ከመብላታቸው በፊትም በዓይናቸው እየጠገቡ በአምበር ቢላዎችና በብር ዕቃዎች እንደሚያሰናዱት ይነግረናል። ባሪያ የሞላው ቤት ጌታ እጁን የሚያስገባበት አንድ ሥራ እንጉዳይ መክተፍ ከሆነ ጉዳዩ ከወጥ ቤት ወጥቷል። በከፊል ፍርሃትም ሊሆን ይችላል፤ በሌላ እጅ የተዘጋጀ እንጉዳይ አስተማማኝ አይደለምና።

ማርቲያሊስ በስጦታ ግጥሞቹ መካከል ብር፣ ወርቅ፣ ካባና ቶጋ መላክ ቀላል ሆኖ ሳለ ቦሌቱስ መላክ ከባድ መሆኑን ጽፏል። አንዳንዶች ይህን የትኩስነት ነገር አድርገው ያነቡታል፤ እንጉዳዩ በመንገድ ይበላሻል። እኔ ሁለተኛው ንባብ ይበልጥብኛል፤ ሰው ወርቁን ሊሰጥ ይችላል፣ ቦሌቱስን ግን አሳልፎ መስጠት ያቅተዋል።

እዚህ ላይ ቀላውዴዎስ ይመጣል። በሐዋርያት ሥራ በዘመኑ ታላቅ ራብ እንደሆነና አይሁድን ከሮም እንዳስወጣ የምናነበው ንጉሠ ነገሥት ማለቴ ነው። የሞተው በጥቅምት 13 ቀን 54 እ.ኤ.አ.፣ በ63 ዓመቱ ነው። ሚስቱ አግሪጲና ልጇን ኔሮንን ለማንገሥ በእንጉዳይ መርዛ ገደለችው የሚለው ትረካ በጣም የታወቀ ስለሆነ ብዙዎች ምንጮቹን ሳያዩ ይደግሙታል። ምንጮቹን ስናይ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል።

ስዌቶኒዩስ በመርዝ መገደሉን የሚጠራጠር የለም፣ ክርክሩ የት እና በማን የሚለው ነው ይላል። ጃንደረባው ቀማሽ ሃሎቱስ ነው የሚሉ አሉ፤ በቤት ማዕድ ራሷ አግሪጲና ናት የሚሉም አሉ፤ በዚህኛው ወሬ ንግሥቲቱ እንዲህ ያለ ምግብ እጅግ ለሚወደው ባሏ ያቀረበችለት አንድ መርዝ የተደረገበት ቦሌቱስ ነው። የታሪክ ጸሐፊው ታኪቱስ ሎኩስታ የተባለችውን መርዝ ቀማሚ ያስገባል፤ ሐኪሙ ክሴኖፎንም የማስመለሻ ላባ በመምሰል ሌላ መርዝ ጉሮሮው ውስጥ እንደጨመረ ይተርካል። በሦስተኛው መቶ ዘመን መግቢያ በግሪክኛ የጻፈው ካሲዩስ ዲዮ የገበታውን ትዕይንት በይበልጥ ያጠራዋል። አግሪጲና ከዚያው ሳህን እንጉዳይ ትበላለች፤ ለባሏ ግን ትልቁንና ያማረውን ታስነሣዋለች፤ መርዙ ያለው በዚያ ውስጥ ነበርና።

ትልቁን። ይህ ቅጽል የትረካው ማጠፊያ ይመስለኛል። ከአንድ ሳህን ከሚበሉ ሁለት ሰዎች መካከል ትልቁና ያማረው የማን እንደሆነ በሮም ማዕድ ላይ ጥያቄ አይነሣበትም። ገዳይዋ ምንም ማታለል አላስፈለጋትም፤ የማዕዱ ሥርዓት ራሱ መርዙን ወደሚፈለገው አፍ አድርሶታል። እንጉዳዩ የሰውዬውን ደረጃ ያውቃል እንደማለት ነው። ስለዚህም ይህ ታሪክ በወጥ ወይም በወይን ሊተረክ አይችልም ነበር ባይባልም፣ በቦሌቱስ ሲተረክ የሚያገኘውን ንክሻ በሌላ አያገኘውም።

ከዚህ ጋር መታየት ያለበት የጥንት ምንጮች መርዙ ተጨመረበት ማለታቸው ነው። ምንጮቹ እንጉዳዩ ራሱ መርዛም ነበር አይሉም። ቦሌቱሱ ዕቃ ነው፤ ሎኩስታ መርዙን ቀመመች፣ እንጉዳዩ ተሸከመው። የሃያኛው መቶ ዘመን አንባቢዎች ግን ከዚህ ንባብ ወጥተዋል። የባንክ ሠራተኛ የነበረውና ከባለቤቱ ከቫለንቲና ጋር በ1957 እ.ኤ.አ. ስለ እንጉዳይ፣ ስለ ሩሲያና ስለ ታሪክ ትልቅ ሥራ ያሳተመው ጎርደን ዋሰን በ1972 በቀላውዴዎስ ሞት ላይ በጻፈው ጥናት የሞቱ ምክንያት ገዳዩ አማኒታ ፋሎይደስ እንደሆነ ተከራክሯል። ዋሰን የእንጉዳይን ስሞች በየቋንቋው በማነጻጸር ያበረከተው ነገር ትልቅ ነው፤ ሕዝቦችን እንጉዳይ ወዳድና እንጉዳይ ፈሪ ብሎ የከፈለበት ሐሳብ እስከ ዛሬ ያነጋግራል። በዚህ ጉዳይ ግን የተከተለው መንገድ አላሳመነኝም።

አንደኛው ችግር ሰዓቱ ነው። የፋሎይደስ መርዝ በሰውነት ሕዋሳት ውስጥ የዘር መልእክት የሚገለብጠውን ኢንዛይም አስሮ ጉበትን የሚገድል ነው፤ መቀቀልም አያጠፋውም። ግን ዝግ ብሎ ይሠራል። ሕመሙ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከተበላ ከ6 ሰዓት በኋላ፣ አንዳንዴም ከዚያ እጅግ ዘግይቶ ነው፤ ከማስመለስና ከተቅማጥ በኋላ በሽተኛው የዳነ የሚመስልበት ጊዜ ይመጣል፤ ሞት የሚከተለው ከቀናት በኋላ ነው። ስዌቶኒዩስ ያቆየው አንዱ ወሬ ቀላውዴዎስ ወዲያው አንደበቱ ተያዘ፣ ሌሊቱን ሲሠቃይ አድሮ ሊነጋ ሲል ሞተ ይላል። ሌላው ወሬ አስመለሰውና በሁለተኛ መርዝ ተፈጸመ ይላል። ሁለቱም ከፋሎይደስ ጠባይ ጋር አይገጥሙም፤ ለማግጠም የላባውን መርዝ መጨመር ያስፈልጋል፤ ያን ከጨመርን ደግሞ እንጉዳዩ አላስፈላጊ ይሆናል። ሁለተኛው ችግር ከቃል የመነጨ ነው። ዛሬ የቄሣር እንጉዳይና የሞት እንጉዳይ በአንድ የወገን ስም ስለሚጠሩ አንዱን በሌላው የመተካት ሐሳብ ለእኛ በቀላሉ ይመጣል። ለታኪቱስ አንባቢ ግን ቦሌቱስ ማለት ከጥርጣሬ የወጣው እንጉዳይ ነው፤ አስደንጋጩም መታመኑ ነው።

መርዝ መኖሩን ጨርሰው የሚጠራጠሩም አሉ፤ ታማሚ የነበረ የ63 ዓመት ሰው በሌሊት መሞቱ ነፍሰ ገዳይ አይጠይቅም። ፍላቪዩስ ዮሴፉስ አግሪጲና በመርዝ ገደለችው የሚሉ እንዳሉ እንደ ወሬ ይጠቅሳል፤ ስለ እንጉዳይ ግን ምንም አይልም። የፈላስፋው የሴኔካ ነው የሚባለው፣ ቀላውዴዎስ ወደ አማልክት ጉባኤ ሊገባ ሲሞክር የሚያላግጥበት ሥላቅም ሰውዬውን ኮሜዲያን ሲያዳምጥ ይገድለዋል እንጂ ቦሌቱስን አያነሣም። በአንጻሩ ሰባኪው ፕሊኒዩስ፣ ቀልደኛው ማርቲያሊስና ቁጡው ዩቬናሊስ ሁሉም ቦሌቱስን ይጠቅሳሉ። ማርቲያሊስ ተጋባዦቹ እያዩት ቦሌቱስን ብቻውን ለሚውጠው ኬኪሊያኑስ ቀላውዴዎስ የበላውን ዓይነት ይመኝለታል። ኔሮንም እንጀራ አባቱ በዚህ ምግብ በኩል አምላክ ስለሆነ ቦሌቱስን የአማልክት ምግብ እያለ ይቀልድ እንደነበር ስዌቶኒዩስ ጽፏል። ቃሉ ወንጀሉን ወደ ማዕድ ቀልድ አስገባው፤ ከዚያ ወዲያ ታሪክና ቀልድ ሊለያዩ አልቻሉም።

የሚነጻጸር ሌላ ሞት አለ። የሴኔካ የቅርብ ወዳጅ፣ የኔሮን የከተማ ዘበኞች አዛዥ የነበረው አናዩስ ሴሬኑስ በአንድ ግብዣ ላይ ከሻለቆችና ከመቶ አለቆች ጋር በእንጉዳይ ተመርዞ ሞቷል። ፕሊኒዩስ ነገሩን የሚያነሣው ስለ ሱዊሉስ በሚናገርበት ቦታ ነው፤ እነዚህ የዓሣማ እንጉዳዮች ለመርዝ የተመቹ ናቸው፣ በቅርቡ ቤተሰቦችንና ሙሉ ግብዣዎችን ፈጅተዋል ብሎ። ይህ የእውነተኛ እንጉዳይ መርዝ ሳይሆን አይቀርም፤ ሟቾቹም ብዙ ነበሩ። ሆኖም ማንም ገጣሚ አልተቀኘበትም። በሱዊሉስ የሞተ ሰው ታሪክ የለውም፤ ስሙ ማዕረግ ያልደረሰው እንጉዳይ ገድሎም አይታወቅም።

ሴኔካ ራሱ ከወጣትነቱ ጀምሮ ኦይስተርና ቦሌቱስን እርግፍ አድርጎ መተዉን በደብዳቤው ጽፏል። ወደዚህ የመራው የስቶይኩ መምህር አታሉስ ነው። ምክንያቱ ምግብ አይደሉም፣ የጠገበውን እንደገና የሚያስበሉ ማባበያዎች ናቸው የሚል ነው። ለድሃ ይህ ተግሣጽ ትርጉም የለውም። የሚተወው ያለው ሰው ነው የሚተው።

የግዛቱ አዳራሾች ሲፈርሱ ቃሉ ምን ሆነ? ወረደ። በጥንታዊ ከፍተኛ ጀርመንኛ «ቡሊዝ» ሆኖ ገባና ዛሬ «ፒልዝ» ተብሎ የማንኛውም እንጉዳይ መጠሪያ ሆኗል። በካታላንኛ «ቦሌት» እንዲሁ እንጉዳይ በጠቅላላው ነው። በሮማኒያኛ «ቡሬቴ» እንጉዳይም ሰፍነግም ማለት ነው፤ የጌታው እንጉዳይ ስም የፉንጉስን ዘመድ ትርጉም ወርሶ አረፈው። ጀርመኖች በ18ኛው መቶ ዘመን «ግሉክስፒልዝ» የሚሉት ከምንም ተነሥቶ ድንገት የበለጸገውን ሰው ነበር፤ ዛሬ ዕድለኛ ሰው ማለት ሆኗል። የነባር መኳንንት ምልክት የነበረው ቃል ትናንት በቀል ለሆነው ሀብታም መዋሉ ታሪክ እንዲህም ይቀልዳል ያሰኛል። እንጉዳዩ ግን ክብሩን አላጣም፤ ሌላ ስም አወጣ እንጂ። ጣሊያኖች ከእንቁላል ጋር አያይዘው «ኦቮሎ» ይሉታል፣ ጀርመኖች ደግሞ «ካይዘርሊንግ»፤ ካይዘር ያው ቄሣር ነው።

ሳይንስ ሲመጣ ነገሩ ይበልጥ ተዘበራረቀ። ካርል ሊኔዩስ በ1753 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ትልቅ የዕፅዋት መጽሐፉ «ቦሌቱስ» የሚለውን ስም ከቆባቸው ሥር ሽንሽን ሳይሆን ጥቃቅን ቀዳዳ ላላቸው እንጉዳዮች ሰጠ፤ የሮማው ቦሌቱስ ባለ ሽንሽን ነው። በጥንት ዘመን በዛፍ ግንድ ላይ የሚበቅል የመድኃኒት እንጉዳይ ስም የነበረውን «አጋሪኩስ» ደግሞ ለባለ ሽንሽኖቹ አደረገው። ሁለቱ ስሞች ቦታ ተለዋወጡ ማለት ይቻላል። በ1782 ፈረንሳዊው ቡልያር «ቦሌቱስ ኤዱሊስ» ብሎ የሰየመው ዛሬ ጣሊያኖች ፖርቺኖ የሚሉትን ወፍራም እግር ያለው እንጉዳይ ነው። በጋሌኖስ ዘንድ ጥሩ ምግብ የነበረው «አማኒቴስ» ነው እንግዲህ አንባቢ እንዲይዝልኝ የለመንሁት፤ በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ተወልዶ በጀርመንና በፓሪስ የሠራው ክርስቲያን ፔርሶን በ1797 ለአንድ ወገን መጠሪያነት አጸናው፤ ዛሬ አማኒታ ሲባል የሚታወሰው ሞት ነው። የግሪክ ገበያተኛ ግን ከዚያው ሥር በወጣው «ማኒታሪ» እስከ ዛሬ እንጉዳዩን ያለ ሥጋት ይሸምታል። የቄሣሩን እንጉዳይ ስኮፖሊ በ1772 «አጋሪኩስ ቄሣሬዩስ» ብሎት ነበር፤ ፔርሶን በ1801 ወደ አማኒታ አዛወረው። በዚህ ሁሉ ሽግሽግ አንድም ሰው ቦሌቱስን ለባለቤቱ አልመለሰም።

ውጤቱን በአንባቢ ላይ ማየት ቀላል ነው። ማርቲያሊስን በማንኛውም ቋንቋ እያነበበ ቦሌቱስ የሚል ሲያገኝ ፖርቺኖ የሚታየው አንባቢ ጋባዡንና ተጋባዡን አለዋውጦ ይረዳል። ፖርቺኖ ማለት እሪያማ፣ የግልገል ዓሣማ ማለት ነውና ትክክለኛ ቅድመ አያቱ በተጋባዡ ፊት የተቀመጠው ሱዊሉስ ነው። ፕሊኒዩስ ሱዊሉስ በቄጠማ ተሰክቶ ተንጠልጥሎ እየደረቀ ከቢታንያ ይመጣ እንደነበር ይናገራል፤ ደርቆ ወደ ሩቅ ገበያ መጓዝ ዛሬም የፖርቺኖ ጠባይ ነው።

ለአማርኛ ተርጓሚ ችግሩ ሁለት እጥፍ ነው። «እንጉዳይ» አንድ ቃል ሆኖ ሦስቱን ይውጣል። ለፉንጉስ «የጅብ ጥላ» ማለት ያጓጓል፤ የንቀቱ ቃና ይገጥማል። ነገር ግን የጅብ ጥላ ከሰው ማዕድ ጨርሶ የተገለለ ነው፤ የዩቬናሊስ ፉንጉስ ግን ተሠርቶ፣ በሳህን ቀርቦ፣ እየተፈራ የሚበላ ነው። ቀልዱ ያለው በመበላቱ ላይ ነው። «ቦሌቱስ» የሚለውን ቃል ሳልተረጉም እንዳለ ባስቀምጠው፣ ፉንጉስን ደግሞ ማንነቱ ያልታወቀ እንጉዳይ ብለው እመርጣለሁ። ከሁሉ የሚያስቸግረው ሱዊሉስ ነው። የዓሣማ እንጉዳይ ስንል የእኛ አንባቢ ርኩሰት ይሰማዋል፤ ማርቲያሊስ ግን የዓሣማ ሥጋን እንደ ማንኛውም ሮማዊ ይወዳል፣ ከእሪያ ጋር መያያዙ ብቻ ባላስቀየመው ነበር። ያስቀየመው ለከብት የሚበቃው ለእርሱ መቅረቡ ነው፤ ስለዚህ እሪያዎች ሲሰማሩ የሚለቅሙት እንጉዳይ ብሎ አስፍቶ መተርጎም ከቃል በቃሉ ይልቅ ለግጥሙ ይቀርባል።